ጉቶዎቹ ይጥፉ
በዋሽንግተን አቅራቢያ በምሠራበት ማተሚያ ቤት የእኔ ድርሻ ምስል ማዘጋጀት ነው። ቀለሙን አስተካክዬ፣ መጠኑን ለክቼ ወደ ሸራ ማተሚያው እልካለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ለእንግዳ መቀበያው ግድግዳ የገጠር ሥዕል አዘዘ። የመረጡትን ሳይ ደስ አለኝ፤ የአሜሪካዊው ሠዓሊ የጆርጅ ኢነስ «የላካዋና ሸለቆ» ነበር። ዋናው ሥዕል እዚሁ ዋሽንግተን በብሔራዊው የሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ፤ ምስሉን ማንም በነፃ አውርዶ ማተም ይችላል። ከትእዛዙ ግርጌ ግን አንድ መስመር ተጽፋለች፦ ጉቶዎቹ ይጥፉ።

ምንጣሮ ባለበት አገር ስላደግሁ ጉቶ አይቼ ዝም ብዬ አላልፍም። ምስሉን አጉልቼ ተመለከትኩት። ከፊት ሣር ላይ ጋደም ያለ ሰው አለ፤ ከሩቅ የስክራንተን ከተማና ክቡ የባቡር ማደሪያ ይታያሉ፤ ባቡሩ ጭሱን እየለቀቀ ይመጣል። በመካከል ማሳውን የሞሉት ጉቶዎች ናቸው። ደኑ የት እንደገባ የሚናገሩት እነሱ ብቻ ናቸው።

አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ። የአገሬ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ጉቶዎቹ ከወጡ እኮ ሌላ ሥዕል ነው የሚሆነው።»

«ልጄ፣ ሠዓሊውስ በትእዛዝ አይደል የሠራው?»

ማወቃቸው አስደነገጠኝ። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ አጋማሽ ሥዕሉን ያዘዘው የባቡር ኩባንያ ነው፤ ለኢነስ የተከፈለውም 75 ዶላር ነበር። የኩባንያው ስም ምሕጻር በባቡሩ ላይ እንዲጻፍ ግድ ብለውታልም ይባላል።

«ጨምርልን አሉት እንጂ ጉቶውን አጥፋልን አላሉትም» አልኩ።

«እኛስ ምን አጠፋን? ዋናው በቦታው አለ። ይህ የግድግዳ ጌጥ ነው።»

መልስ አጣሁ። ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ ከአንዱ ጥግ ሣር እየቀዳሁ በጉቶዎቹ ላይ አለበስኩ። ጉቶዎቹ እያለቁ ሲሄዱ ሜዳው ለስልሶ ቀረ፤ ጋደም ያለው ሰውም ለሽርሽር የወጣ መሰለ። ይህን ሸለቆ ማን መነጠረው ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች ከእንግዲህ አይኖርም።

ህትመቱ ከተላከ በኋላ ያነበብኩት አንድ ነገር አለ። ኢነስ እ.ኤ.አ. በ1891፣ ሊሞት ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ ይህንኑ ሥዕል ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በአንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ አግኝቶ በገንዘቡ ገዛው። በትእዛዝ የሠራውን፣ 75 ዶላር የተቀበለበትን ሥዕል! ያን ቀን ባውቀው ኖሮ ለጋሼ እነግራቸው ነበር።

አንዱን ጉቶ ግን፣ ከሁሉ ትንሹን፣ ሳላጠፋው ትቼዋለሁ። ሸራው በክፈፍ ከተወጠረ በኋላ ጋሼ መጥተው ከፊቱ ቆሙ። መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ፤ ጣታቸው ጉቶው ላይ ሊያርፍ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ጠቅልሉት» አሉ ለልጆቹ።