መርጫው ከመነሳቱ በፊት

ሸዋ ሮቢት አካባቢ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ አንድ ጠና ያሉ ገበሬ በሃይላንድ ላስቲክ ነፍሳት ይዘው ቢሮ መጡ። «ማሾዬን ልትጨርሰው ነው» አሉ። ከአንበጣው ወዲህ ክንፍ ያለው ነገር ሁሉ ያስደነግጣል፤ አይፈረድባቸውም። አዲሱ ዲኤያችን (የልማት ሠራተኛው) ደግሞ ሳያያት መርጫ ፍለጋ ተነሳ።

ሌንሱን ሰጠሁትና «መጀመሪያ አንቴናዋን እይ» አልኩት። ላይ ላዩን ስትታይ ቁርጥ ድራጎን ፍላይ ናት። ረጅም ሆድ፣ ስስ ክንፍ፣ ፍጥጥ ያለ ዓይን። የድራጎን ፍላይ አንቴና ግን ከመንመኗ የተነሳ ልብ ብለው ካላዩ አትታይም። የዚችኛዋ ረዘም ብሎ ጫፉ ላይ እንደ ክብሪት ራስ ያብጣል። እያንዳንዱ ዓይኗም በመስመር ለሁለት ተከፍሏል። ልጁ ሌንሱን አልመልስም አለ።

ኦውልፍላይ ናት። በዓለም ላይ ከ400 በላይ ዝርያዎች አሏት። ዘመዷ አሸዋ ላይ ጉድጓድ ሠርታ ጉንዳን የምታጠምደው ናት፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት እንዲያውም ከነዚያው ቤተሰብ ደምሯታል። የኦውልፍላይ እጭ ግን ጉድጓድ ምን ያደርግልኛል ባይ ናት። ቅጠል ሥር ወይም መሬት ላይ ትቢያ ለብሳ፣ መንጋጋዋን በርግዳ ትጠብቃለች። ያለፈውን ነፍሳት ቀጨም!

ማሳው ድረስ ሄድን። አጥሩ ላይ አንዷ ጭራዋን ከጭራሮው አሽሽታ ቀስራለች። ስባሪ እንጨት ነው ብሎ የሚያልፋት ይበዛል።

«ጋሼ፣ አመሻሽ ላይ ምን ስታደርግ ያይዋታል?»

«ከማሾው በላይ ትበራለች። ትንኝ ቢጤ ታሳድዳለች መሰለኝ።»

«ማሾውን ስትበላስ?»

ትንሽ አሰቡ። «እሱንስ አላየሁም።»

ቅጠሉን ገለበጥኩት። ክሽክሽ፣ ያ የተክል ጭማቂ የሚመጠው ደቃቅ ተባይ፣ ተደርድሯል፤ እጅ ላይ ሙጭጭ ይላል። ጥፋተኛው እሱ ነበር። መድኃኒቱን በጅምላ ብንረጨው ኖሮ ክሽክሹም አዳኟም አብረው ይሄዱ ነበር።

ዲኤው «ዝርያዋስ?» አለኝ። እሱ በስልክ ፎቶ አይወሰንም፤ የክንፏን ጅማት ዝርያው ከታወቀ ናሙና ጋር ማስተያየት ይጠይቃል። ላስቲኩ ውስጥ የሞተችውን በወረቀት አጥፈን ቀኑን፣ ቦታውንና ያረፈችበትን ጻፍንበት። ሪፖርቱ ላይ «ተባይ» በሚለው ረድፍ ክሽክሽ ገባ። የእሷ ረድፍ ስላልነበረ ልጁ «ምርመራ» የሚለው ላይ ጻፈላት፦ «ኦውልፍላይ፤ ነፍሳት አዳኝ፤ እንዳይረጭባት።»