የዝሆኔ ታማሚዎች የምርምሩን ቅድሚያ ሲመርጡ

በዝሆኔ ላይ ከሁሉ በፊት ምን ይጠና? ይህን ከታማሚዎቹ ጋር ሆነን እንድንወስን በምሥራቅ ጎጃም አንድ ወረዳ ውስጥ ምክክር አስተባብሬ ነበር። እንዴት እንደሠራነው ላካፍላችሁ። በተለይ «ባለድርሻ አካላትን ማሳተፍ» የሚል መስመር በፕሮፖዛላችሁ ውስጥ ላላችሁ።

ዝሆኔ ሲባል ብዙ ሰው በትንኝ የሚተላለፈውን ያስባል። በደጋና በወይና ደጋ የሚታየው ግን በአብዛኛው ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ለዓመታት በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ላይ የሚውል ሰውን ይይዛል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ መከላከል ይቻላል። በአገር አቀፉ የካርታ ጥናት መሠረት በ345 ወረዳዎች ይገኛል፤ ለበሽታው የተጋለጠው ሕዝብም ወደ 35 ሚሊዮን ይጠጋል።

ምርምሩም ከባዶ አይጀምርም። እዚያው ምሥራቅ ጎጃም በ696 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። እግር መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ያገኙት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሕመሙ ተነሳባቸው። ክብካቤውን ገና ያልጀመሩት ደግሞ 23.9 ጊዜ። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ክብካቤው ለሁሉም ይዳረስ የምለው ለዚህ ነው። ግን የቀረውን ቁጥር ደግማችሁ እዩት። አንድ ገበሬ በዓመት 19 ጊዜ ሕመም እየተነሳበት እንዴት ያርሳል? ከዚህ በኋላ ምን እንደሚጠና ከእሱ የተሻለ ማን ይነግረናል?

ዘዴውን የወሰድኩት ከሁለት ቦታ ነው። ቺንሪ (CHNRI) በሚባለው የምርምር ቅድሚያ መምረጫ አሠራር ባለሙያዎች ጥያቄዎቹን በአምስት መስፈርት ይመዝናሉ፦ ሊመለስ ይችላል ወይ፣ ይሠራል ወይ፣ ለሕዝብ ይደርሳል ወይ፣ ጫናውን ይቀንሳል ወይ፣ ፍትሐዊ ነው ወይ። ሕዝቡ ለመስፈርቶቹ ክብደት ይሰጣል እንጂ ጥያቄዎቹን አይመዝንም። እኔ ይህ አይበቃም ባይ ነኝ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ጄምስ ሊንድ አሊያንስ ከዚህ ይለያል። እዚያ ታማሚው፣ አስታማሚውና ሐኪሙ እኩል ይመርጣሉ፤ ተመራማሪ ብቻ የሆነ ሰው ድምፅ የለውም። መስፈርቶቹን ከመጀመሪያው፣ የድምፅ አሰጣጡን ከሁለተኛው ወሰድን።

ከባዱ ነገር ሰውን ማናገር ነው። ታማሚን «ምን ይጠና?» ብላችሁ ብትጠይቁት «እናንተ ታውቃላችሁ» ይላችኋል። በትሕትና ነው፤ ግን በሩን ይዘጋዋል። እኛ የጠየቅነው ሌላ ነበር። ባለፈው ክረምት ከሥራ ያስቀራችሁ ምን ነበር? ምን ብታውቁ ይቀልላችሁ ነበር? ያኔ ወሬው ይፈሳል። ሴቶችን ለብቻ፣ ወንዶችን ለብቻ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችንም ለብቻ አነጋገርን። የወረዳው ኃላፊዎችና የዩኒቨርሲቲ ሰዎች የመጡት ጥያቄዎቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ነው። ኃላፊ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ያንኑ ይደግማል።

የጋራው ስብሰባ ላይ ታማሚዎች የእግራቸው ሽታ ሰው እንዳይረብሽ እየፈሩ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ስለዚህ አግዳሚውን ክብ አድርገን ተቀላቅለን ተቀመጥን። የስብሰባውን ቤት የመረጥነው መወጣጫ ደረጃ የሌለውንና ለገበያው ቅርብ የሆነውን ነው። ቀኑም በዓል እንዳይሆን፣ አጨዳም እንዳይነካ ተጠንቅቀናል። ማንበብ የማይችል ስለነበረ እያንዳንዱን ጥያቄ በሥዕል አስቀመጥን፤ ሰው ሁሉ እኩል ባቄላ ይዞ በሥዕሎቹ ላይ ያከፋፍላል። ዶክተሩም እማማም እኩል ፍሬ።

የባለሙያዎቹ ዝርዝር ስርጭት፣ ዘረመልና መድኃኒት ላይ ያተኩር ነበር። ታማሚዎቹ ያመጡት ሌላ ነው። ሕመሙን ምን ይቀሰቅሰዋል? ሲነሳስ ቤት ውስጥ መጀመሪያ ምን ይደረግ? ላበጠ እግር የሚሆን፣ ጭቃ ውስጥ የሚያሳርስ ጫማ እንዴት ይሠራ? ለዚህኛው ከከተማ ጫማ ሰፊ ጠርተን ነበር። ስለ ቆዳና ስለ ሶል የሚያነሳቸውን ጥያቄዎች ከመካከላችን ማንም አስቦባቸው አያውቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ደግሞ ለእግር መታጠቢያና ለቅባት የሚሆነው በረኪናና ቫዝሊን ሲያልቅ ክብካቤው እንዴት ይቀጥል አሉ።

ከሁሉም የከበደኝ የጋብቻ ጉዳይ ነው። አንዲት እናት «ልጄን የሚጠይቃት ጠፋ፤ በዘር ነው እያሉ» አሉን። ተጋላጭነት በዘረመል እንደሚለያይ በጥናት ታይቷል። ሰው ግን «በዘር ነው» ሲል ጫማ ምን ያደርጋል ማለቱም ነው። ስለዚህ የዘረመል ተመራማሪዎቹንና እናቶቹን አንድ ላይ አስቀመጥናቸው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ሆኑ፦ ስለ ተጋላጭነት ለቤተሰብ እንዴት ይነገር፣ ልጆቹ ጫማ እንዲያደርጉና ከትዳር እንዳይገለሉ? ይህ ጥያቄ ከማንኛችንም ብቻውን አይወጣም ነበር። ባቄላውም ከፍ ካሉት ተራ አስገባው።

ምርምር የማያሻቸው ነገሮችም ይመጣሉ። «ውኃ የለንም፣ እግራችንን በምን እንጠብ?» ይህ ጥናት አይደለም፣ ሥራ ነው። በሌላ መዝገብ ጽፈን በዚያው ዕለት በሁሉም ፊት ለወረዳው አስረከብን። ካልለያችሁት የምርምሩ ዝርዝር በአቤቱታ ይሞላል፤ አቤቱታውም ምላሽ ሳያገኝ ይቀራል።

ስለ አበል ልጨምር። ለባለሙያ የቀን አበል፣ ለታማሚ የትራንስፖርት ብቻ የሚል በጀት በየቦታው አይቻለሁ። ቀኑን ከእርሻው ወይም ከጉልቱ የቀረው እሱ ነው። እኛ ለሁሉም እኩል ከፈልን። ገንዘብ ለጋሹን ለማሳመን ደብዳቤ መጻጻፍ ነበረብን፤ ስለዚህ ገና ፕሮፖዛሉ ሲጻፍ አስገቡት።

የመጨረሻውን ዝርዝር ቅዳሴ ሲያልቅ በቤተ ክርስቲያን ግቢ አነበብንላቸው። የትኛው ወደ ፕሮፖዛል እንደገባ፣ የትኛው እንደቀረና ለምን እንደቀረ ጭምር። አሁን የምጽፈው ፕሮፖዛል ሕመሙ ሲነሳ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ የሚለው ላይ ነው። የጫማው ገና ገንዘብ የሚሰጥ አላገኘም፤ ከዝርዝሩ ግን አላወጣሁትም።