የሳሎኑ ግድግዳ ውኃ ሲቋጥር

ቤቱን ለእንቁጣጣሽ ለማድረስ እየተጣደፍን ሳለ፣ የዘይት ቀለም የተቀባው አንዱ የሳሎን ግድግዳ ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ ውኃ ቋጠረ። አንዳንዱ እብጠት ምስር፣ አንዳንዱ የአንድ ብር ሳንቲም ያህላል፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል።

የቤቱ ባለቤት «አስመስለው የሠሩት ቀለም ነው የሸጡልኝ!» ብለው የቀረውን ጋሎን ወደ ሱቅ ሊመልሱ ተነሡ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው ቀቢ ግን «እመቤት፣ ትንሽ ይታገሡ፤ መጀመሪያ ከፍተን እንየው» አሉና ትልቁን እብጠት በምላጭ ሰነጠቁት። ውኃው በግድግዳው ላይ ወረደ። የተላጠውን ቀለም ገልብጠው ሲያሳዩን ጀርባው ከቀለሙ ሥር ግድግዳው የሚለሰልስበትን የስቱኮ ዱቄት ይዞ ተነሥቷል።

«ከሥር ከተነሣ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው። የላይኛው ቅብ ብቻ ቢያብጥ ኖሮ፣ ፀሐይ እየመታው ተቀብቷል ወይም የታችኛው ሳይደርቅ ተደርቦበታል እል ነበር።»

ሥራውን የምቆጣጠር መሐንዲስ ነኝና ልስኑን ጠረጠርሁ። የሲሚንቶ ልስን ከመቀባቱ በፊት በተለምዶ 28 ቀን ገደማ ይሰጠዋል፤ በክረምት ያም ላይበቃ ይችላል። የዘይት ቀለም ደግሞ እንፋሎት እንደ ልብ ስለማያሳልፍ ከኋላ የሚገፋው እርጥበት ያሳብጠዋል። ነገር ግን አብረው የተለሰኑት ሌሎቹ ግድግዳዎች ምንም አልሆኑም። ከዚህኛው ጀርባ ያለው መታጠቢያ ቤት ነው።

የቧንቧ ሠራተኛው የእጁ ሥራ እንደማያፈስ ማለ። ተከራክሮ ከማድረቅ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግተን ቆጣሪውን ማየት ይሻል ነበር፤ አየነው። ቀስ እያለ ይዞራል። ሴራሚኩ ሲፈነቀል ከሻወሩ ሥር ያለው መገጣጠሚያ ያነባል።

መገጣጠሚያው በዚያው ዕለት ተቀየረ። ጋሼ ግን ብሩሽ አላነሡም። ያበጠውን ሁሉ ፍቀው፣ ጥርት ያለ ላስቲክ በግድግዳው ላይ ዘርግተው አራቱን ጎን በፕላስተር አሸጉት። በማግሥቱ ላስቲኩ ከውስጥ ጤዛ ይዞ ተገኘ፤ ግድግዳው ገና አልደረቀም ማለት ነው።

«ጋሼ፣ እንግዳ ጠርቻለሁ እኮ!» አሉ ባለቤቲቱ።

«እንግዶቹ ይምጡ። ግድግዳው እንደሆነ ቀድሟቸው ጠጥቷል።»

በዓሉ በተፋቀው ግድግዳ ፊት ተከበረ። ላስቲኩ ደርቆ ያደረውና ጋሼ ብሩሽ ያነሡት ጥቅምት ከገባ በኋላ ነው። የሴራሚኩ ዋጋ ከቧንቧ ሠራተኛው ሒሳብ ተቆረጠ፤ የድጋሚ ቀለሙን ማን ይክፈል የሚለው ክርክር ግን ከቀለሙ ዘግይቶ ነው የደረቀው።