ጊትሃብን ከጂራ ጋር ሳገናኝ ቅዳሜዬን የበላው ነገር

ቡድናችን አምስት ሰው ነው። እያንዳንዱ ሥራ ጂራ ላይ ቲኬት ሆኖ ይመዘገባል፣ ኮዱ ጊትሃብ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የቴሌግራም ግሩፓችን ነበር። «ያቺ የክፍያ ነገር አለቀች?» «አዎ፣ ፑሽ አድርጌያታለሁ።» «የትኛው ብራንች ላይ?» ከዚያ ጸጥ። (ፑሽ ማለት ኮዱን ወደ ጊትሃብ መላክ ነው፤ ብራንች ደግሞ ለአንድ ሥራ ለብቻው የሚከፈት የኮዱ ቅርንጫፍ ነው።)

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ላገናኛቸው ተቀመጥኩ። ቡናው እስኪፈላ ያልቃል ብዬ ነበር። የጂራ አድሚን ስለሆንኩ የጊትሃብን አፕ ከጂራ ሠሪው ከአትላሲያን የአፕ መደብር (ማርኬትፕሌስ) መጫኑ ቀላል ሆነልኝ። ጊትሃብ በኩል ግን የድርጅታችንን አካውንት ልምረጥ ስል አልተፈቀደልኝም። የግል አካውንቴ ክፍት ነው። ይሁን ብዬ በእሱ ቀጠልኩ። ተገናኘ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከኮሌጅ ዘመን ፕሮጀክቶቼ ጋር ተገናኝቷል።

ለካ አፑን ለድርጅት አካውንት የሚፈቅደው የአካውንቱ ኦውነር (ባለቤት) ነው። እኔ ተራ ሜምበር ነኝ። ኦውነሩ ማን ነው ብዬ ሳይ፣ ከስምንት ወር በፊት ሥራ የለቀቀው ልጅ! ደወልኩለት። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ባለቤት መሆኔን ራሱ ረስቼዋለሁ» ብሎ ሳቀ። እኔንና አለቃችንን ኦውነር አድርጎ ራሱን አስወጣ። ተኳርፈን ተለያይተን ቢሆንስ ኖሮ? እስካሁን ሳስበው ይጨንቀኛል።

ሪፖዚተሪ (የኮድ ማስቀመጫ) ምረጥ ሲለኝ ሁሉንም አልሰጠሁም። የሚያስፈልጉንን ሦስቱን ብቻ መረጥኩ። የደንበኛ ኮድ ያለበትን ምን አስገባው?

አሁን ሁሉም ነገር ተገናኝቷል፣ ቲኬቶቹ ግን ባዶ ናቸው። አንድም ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) አይታይም። አፑን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስታገል ቡናውም ቀዘቀዘ። ችግሩ አፑ ላይ አልነበረም። ጂራ አንድን ኮሚት ከቲኬት ጋር የሚያዛምደው የቲኬቱን መለያ ሲያገኝ ነው፤ ማለትም የፕሮጀክቱ ምህጻረ ቃል፣ ሰረዝና ቁጥሩ። ፊደሎቹ በካፒታል መጻፍ አለባቸው። መለያው በብራንች ስም፣ በኮሚት መልእክት ወይም በፑል ሪኩዌስት (ለውጡ ከዋናው ኮድ ጋር ይቀላቀል የሚል ጥያቄ) ርዕስ ሊገባ ይችላል። የእኛ ብራንቾች ስማቸው «ፊክስ»፣ «ፋይናል»፣ «ፋይናል ሁለት» ነው። ከየትኛው ቲኬት ጋር ያገናኛቸው? መለያ ያለው አንድ ብራንች ከፍቼ ፑሽ ሳደርግ ወዲያው ቲኬቱ ላይ ብቅ አለ።

ሰኞ ሌላ ነገር መጣ። ኮሚት መልእክት ውስጥ አስተያየትና የሥራ ሰዓት በሃሽታግ መጻፍ ጀምረን ነበር፤ ጂራ አንብቦ ቲኬቱ ላይ ያስገባዋል። የአንዱ ልጅ ብቻ አልገባ አለ። ላፕቶፑ ላይ ጊት (ኮሚቱን የሚመዘግበው ፕሮግራም) የያዘው ኢሜይል የድሮ ጂሜይሉ ሆኖ ተገኘ። ጊት የጻፍክለትን ኢሜይል ሳያጣራ ይቀበላል፤ ጂራ ግን ሰውየውን የሚለየው በእሱ ነው። የጊቱንና የጂራውን ኢሜይል አንድ ስናደርጋቸው ተፈታ።

አሁን ብራንች የምንከፍተው ቲኬቱ ላይ ካለው ማስፈንጠሪያ ነው፤ መለያውን ስሙ ላይ ራሱ ያስገባዋል። አንዱ ጓደኛችን ግን አሁንም በእጁ «ፋይናል» ብሎ ይከፍታል።