የተቆረጠው የኮሶ ሥዕል

የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ የሆነ ወዳጄ ትናንት ማታ የአንድ ሥዕል ፎቶ ላከልኝ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 በኤድንብራ ካሳተመው የጉዞ ታሪክ አምስተኛ ቅጽ ተቆርጦ ፍሬም የገባ የኮሶ ቅርንጫፍ ነው። ዋጋው ከሙሉው መጽሐፍ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል ቢሆንም አልገዛም ብዬ መለስኩለት።

የሳይንስ ታሪክ መጻሕፍትን መሰብሰብ የጀመርኩት እንደ ብዙዎቹ የኒውተንንና የዳርዊንን ስም ተከትዬ ነበር፤ የእነርሱ የመጀመሪያ እትሞች ግን የደመወዝተኛ እጅ የሚደርስባቸው ስላልሆኑ፣ ቀስ በቀስ ስለ አገሬ ዕፅዋትና አራዊት ወደተጻፉት ዞርኩ። የብሩስ ስም ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዓባይ ምንጭ ነው፤ እኔን የሚይዘኝ ግን ይህ አምስተኛው ቅጽ ነው። እንሰት፣ ቁልቋል፣ ዋንዛ፣ ቀንጠፋና ጤፍ፣ ብሩስ በጆሮው እንደሰማው በላቲን ፊደል ተጽፈው፣ ከመግለጫቸውና ከመዳብ ሰሌዳ ከታተመው ሥዕላቸው ጋር ተቀምጠዋል። ኮሶን ለእንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ለጆሴፍ ባንክስ ክብር ሲል በእርሱ ስም ቢሰይመውም ስያሜው አልጸናም፤ ዛሬ በሳይንስ የሚጠራው ሀገን በተባለ የኮኒግስበርግ መድኃኒት ቀማሚ ስም ነው። (የኮሶ ምሬት ለብሩስም ሳይደርሰው አልቀረም።)

ሥዕሎቹን ከጽሑፉ መነጠል የሚያስከፋኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ከብሩስ ጋር ተጉዞ ጎንደር ላይ ሕይወቱ ያለፈው የቦሎኛው ሰዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ብዙዎቹን ንድፎች የሠራ ሆኖ ሳለ፣ ብሩስ የሥራውን ድርሻ ሸፍኖ ክብሩን ለራሱ አድርጎታል፤ የሞቱንም ጊዜ ከእውነተኛው አስቀድሞ ጽፏል። ይህን ማመሳከር የሚቻለው ጽሑፉና ሥዕሉ አብረው ሲገኙ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ኮሶ ግን ማን እንደሣለውም፣ ማን የእኔ ነው እንዳለም አይናገርም።

ስለዚህ አንድ ቅጽ ሳይ መጀመሪያ የምመለከተው ቆዳውን ሳይሆን የስፌቱን ሥር ነው። ምላጭ ያለፈበት ሥዕል እዚያ ጣት የማይሞላ የወረቀት ጠርዝ ትቶ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሥዕሉ ከተወሰደ በኋላም ቀለሙ ፊት ለፊት ባለው ገጽ ላይ እንደ ቡናማ ጥላ ታትሞ ይገኛል፤ ቅጠሉና ግንዱ ሳይቀር ይለያል። መጽሐፉን የሚበትኑት ነጋዴዎች ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ሲሸጡ ከጥራዙ የበለጠ እንደሚያወጡ ስለሚያውቁ ነው፤ ነጠላ ሥዕል የሚገዛ ከሌለ ግን ምላጩን ማን ያነሣዋል?

ነጋዴውን የቀረው መጽሐፍ የት እንዳለ ብጠይቀው፣ እርሱም ሥዕሉን ለብቻው እንደገዛው ነገረኝ። በምትኩ ጀርባው የላላ፣ ሁለት ሥዕል የጎደለው፣ ጽሑፉ ግን የተሟላ አምስተኛ ቅጽ ሌላ ሰው ዘንድ እንዳለ ጠቁሞኛል። ቅዳሜ ሄጄ ገጽ በገጽ አየዋለሁ፤ ዋጋውን ትንሽ ዝቅ ካደረገልኝ እወስደዋለሁ።