ዳማን ከሰንሰለት ስፈታ የተማርኩት፦ ክትባቱ ይቅደም፣ መታጠቡ ይቆይ

ይህን የምጽፈው በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የኖረን፣ ወይም ባለቤቶቹ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሲገቡ ባዶ ግቢ ውስጥ ጥለውት የሄዱትን ውሻ ወደ ቤቱ ለማምጣት ላሰበ ሰው ነው። ዳማን ሳመጣ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ሦስተኛው ቀን ላይ የሠራሁትን ስሕተት አልሠራም ነበር። ዳማ ዕድሜው 4 ዓመት ገደማ የሆነ የሀበሻ ውሻ ነው። ሁለት ሜትር በማይሞላ ሰንሰለት ላይ ኖሯል። ሲመጣ 14 ኪሎ ነበር፤ አሁን 21 ነው።

መጀመሪያ ወረቀት። ባለቤቱ በቃሉ "ውሰደው" ማለቱ አይበቃም። ውሻውን በፈቃዱ እንዳስረከበ፣ ቀኑን፣ የውሻውን መልክና ምልክት በአንድ ገጽ አስጽፉ፤ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። የከሳን ውሻ ማንም አይፈልገውም፤ ሲያምርበት ግን "የኔ ነው" ባይ ይመጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደብተር ካለ ያኔውኑ ተቀበሉ። ማኅተምና ቀን ያለበት ማስረጃ ከሌለ፣ "ተከትቧል" የሚለውን ቃል እንዳልተባለ ቁጠሩት። እኔ ቃሉን አመንኩ።

ማደሪያው ቀላል ነው። 90 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጣውላ ሳጥን ከመሬት በብሎኬት አንሥታችሁ፣ በሩን ከነፋስ አቅጣጫ አዙሩት። ከውስጥ ጭድ እንጂ ጨርቅ አታንጥፉ፤ ጨርቅ በክረምት ውሃ ይመጥጣል፣ አይደርቅም። የቆርቆሮ ክዳን ዝናብ ሲመታው የሚያሰማው ድምፅ የደነገጠን ውሻ ከቤቱ ያባርረዋል፤ ከቆርቆሮው ሥር ጣውላ ይግባ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ።

ዳማ ይሸት ነበር። ጀርባው እከክ፣ ጆሮው መዥገር፣ አንገቱ የሰንሰለት ቁስል ነበረበት። ያየው ሁሉ "ቶሎ እጠበው እንጂ" አለኝ። በሦስተኛው ቀን የግቢውን የውሃ ጎማ ስቤ አጠብኩት። የሠራሁትን በዝርዝር እጽፈዋለሁ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ለብቻው ለመነከስ ይበቃል። የግድግዳ ጥግ ላይ አቆምኩት፣ መውጫ አሳጣሁት። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ከላዩ ቆሜ ጎነበስኩበት። ይባስ ብሎ ፀጉሩ የሸፈነውን ቁስል ሳላይ አንገቱን ያዝኩ።

ውሻው አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ላሰ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የዓይኑ ነጭ በጎን በኩል ታየ። ከዚያ መንቀጥቀጡን አቁሞ እንደ እንጨት ደርቆ ቆመ። እኔ "ተረጋጋ" አልኩ። ደርቆ የቆመ ውሻ አልተረጋጋም፤ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያው ነው። በዚያ ቅጽበት ጎማውን ጥዬ ወደ ኋላ ብመለስ ኖሮ ምንም አይደርስም ነበር። ክንዴን ነከሰኝ፤ ሁለት ጥርስ ቆዳዬን በሳው። ዳማ አልበደለም። የበደልኩት እኔ ነኝ።

ያልተከተበ ወይም የክትባት ማስረጃ የሌለው ውሻ ከነከሳችሁ፣ የመጀመሪያው መድኃኒት በቤታችሁ ውስጥ ነው፦ ሳሙናና የሚፈስ ውሃ፣ በሰዓት የተቆጠረ 15 ደቂቃ። አምስት ደቂቃ አይበቃም። የእብድ ውሻ በሽታን ቫይረስ ከቁስሉ የሚያወጣውና የሚያዳክመው ይህ እጥበት ነው። ከዚያ አዮዲን ወይም አልኮል ይደረግበት። ቡና፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት አትነስንሱ። ቁስሉን አጥብቃችሁ አትሸፍኑ፣ ቶሎ በክር እንዲሰፋም አትፍቀዱ። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ "ጭረት ነው" ብሎ ማደር የለም።

እዚህ ላይ ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። የመጀመሪያው ጤና ጣቢያ ቁስሉን አይቶ "ትንሽ ናት፣ ውሻው ካላበደ ምን አለ" ብሎ መለሰኝ። ሁለተኛው ክትባቱ የለም አለ፤ የት እንደሚገኝ ደውሎ የሚጠይቅልኝ ግን አልነበረም። ሦስተኛው ሰጠኝ፤ ሲመሽ ነው የደረስኩት። ከዚህ የተማርኩት፦ ቁስሉ እየታጠበ ሳለ ሌላ ሰው ስልክ ይያዝ። የሚጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ "ክትባቱ ዛሬ አላችሁ ወይ? ኢሚውኖግሎቡሊንስ?" ቆዳው ለተበሳና ከዚህ በፊት ላልተከተበ ሰው ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ክትባቱ ሰውነት ራሱ መከላከያ እስኪሠራ ቀናት ይፈጅበታል፤ ኢሚውኖግሎቡሊኑ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያው ተወግቶ እነዚያን ቀናት ይሸፍናል። ክትባቱ ክንድ ላይ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን (ዜሮ ተብሎ ይቆጠራል)፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ነው፤ አምስተኛ የሚጨምሩም አሉ። ቀኖቹን ካርዱ ላይ አጽፋችሁ ፎቶ አንሡት። ሆድ ላይ በየቀኑ ይወጋ የነበረውን የድሮውን ክትባት እያሰቡ ፈርተው የሚቀሩ ሰዎች አሉ፤ ያኛው ሌላ፣ ይሄኛው ሌላ ነው። ጠበል የሚሄድ ሰው ይሂድ፤ ክትባቱን ግን አንድ ቀን እንኳ አያሳልፍ።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ምክር ግን "ውሻውን ገድለህ ጭንቅላቱን አምጣ" የሚለው ነው። ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው አፍ ነው የሰማሁት። ጤነኛ የሚመስልን፣ በእጅ ያለን ውሻ መግደል ዳኛውን መግደል ነው። ውሻ ቫይረሱን በምራቁ የሚያስተላልፈው ምልክቱ ሊታይበት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ጀምሮ ነው፤ ከዚያ ቶሎ ይታመምና ይሞታል። ስለዚህ ከነከሰ በኋላ 10 ቀን ሙሉ በሕይወትና በጤና የቆየ ውሻ፣ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ ቫይረስ አልነበረበትም ማለት ነው። የሰውየውን ክትባት ማቆም የሚቻለውም ያኔ ነው፣ ሐኪሙ ሲወስን። ጭንቅላት ወደ ላቦራቶሪ የሚሄደው ውሻው ታሞ ከሞተ ወይም ምልክቱ ታይቶበት በሐኪም ከተገደለ ነው። ያኔም ጭንቅላቱን በዱላ አትምቱት፤ የሚመረመረው አንጎሉ ነው፣ ሳይበላሽ በበረዶ መካከል ተይዞ መድረስ አለበት።

ዳማን ለ10 ቀን ለብቻው በአንድ ክፍል ዘግቼ፣ ሳልነካው ጠበቅኩት። ጠዋትና ማታ በደብተር የጻፍኩት ይህን ነበር፦ በላ ወይ፣ ውሃ ዋጠ ወይ፣ ድምፁ ተለወጠ ወይ፣ ምራቁ ይዝረበረባል ወይ፣ የታችኛው መንጋጋው ወረደ ወይ፣ የኋላ እግሩ ይንገዳገዳል ወይ፣ እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል ወይ። የተናደደ ውሻ ብቻ አትፈልጉ፤ ዝም ብሎ ጥግ የሚይዘው፣ መንጋጋው የሚወርደውም ያው በሽታ አለበት። "አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል" ብሎ እጁን አፉ ውስጥ የከተተ ሰው ራሱን አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው።

በእነዚያ 10 ቀናት ውሻውን አታስከትቡ። እኔ በድንጋጤ በማግስቱ ላስከትበው ነበር፤ የእንስሳት ሐኪሙ ከለከለኝ፣ ልክም ነበር። ክትባቱ ትንሽ ቢያሳምመው ከበሽታው ምልክት ጋር ይምታታል። በ11ኛው ቀን ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ ከተበው። ክትባቱ ሙሉ አቅም የሚኖረው ከ28 ቀን በኋላ ነው፤ በየዓመቱም ይደገማል። አስቀድሞ በበሽታው የተያዘን ውሻ ደግሞ ክትባት አያድነውም፤ ምልክቱ ለመታየት ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ስለሚወስድ፣ ታሪኩን የማታውቁትን ውሻ ለወራት ልጆች ፊታቸውን እንዲያስልሱት አትፍቀዱ።

እንግዲህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነበር፦ በመጀመሪያው ቀን፣ ማንም ሳይነካው፣ የእንስሳት ሐኪም ወደ ቤታችሁ ተጠርቶ ክትባቱን መስጠት። ቁስሉንም፣ መዥገሩንም፣ እከኩንም በዚያው ያያል። ሽታው ማንንም አልገደለም። ዳማን ያጠብኩት በስድስተኛው ሳምንት ነው፤ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ እንዳይንሸራተት ማዳበሪያ አንጥፌ፣ በጣሳ ከወገቡ ጀምሬ፣ በሩን ክፍት ትቼ። አልሸሸም።

ለእከኩ የተቃጠለ ዘይትና ናፍጣ የሚቀቡ አሉ። ውሻው ይልሰዋል፣ ይመረዛል፣ ቆዳውም ይቃጠላል። አይቨርሜክቲን የሚባለውን የእከክ መድኃኒትም በራሳችሁ ገዝታችሁ አትውጉ። በከብት መድኃኒት መሸጫ የሚገኘው የ1 በመቶ መርፌ በ1 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም አለው፤ ይህ 50 ኪሎ ለሚመዝን ከብት የሚሆን ነው። 14 ኪሎ ለሆነ ውሻ በዚያ ልክ ቢሰላ 0.28 ሚሊ ሊትር ነው። በዓይን ግምት "አንድ ሚሊ ስጠው" የሚል ሰው ሦስት ዕጥፍ አልፏል። እንደ ኮሊ ያለ የፈረንጅ ዘር ያለበት ውሻ ደግሞ በትንሹም ሊሞት ይችላል። ሐኪሙ ሲወጋ ክብደቱን መዝኖ መሆኑን ተመልከቱ።

የተራበን ውሻ በአንድ ቀን አታጥግቡት። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲገባበት ደሙ ውስጥ ያለው ማዕድን ይዛባል፣ ልቡም ሊቆም ይችላል። ሁለት ቀን የሙሉውን ሩብ በአራት ከፍሎ፣ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ግማሹን፣ ሙሉውን ከሳምንት በኋላ። ሙሉ የምለው 20 ኪሎ ለሚሆን ውሻ በቀን 3 ኩባያ የተቀቀለ ሩዝ፣ 300 ግራም የተቀቀለ ሥጋ ወይም ሳንባ፣ አንድ ካሮት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ነው። ቅርፊቱን አትርሱ፤ ሥጋና ሩዝ ብቻ አጥንቱን ያሳሳዋል።

የወጥ ትርፍራፊ አይሰጥም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ፤ የኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ የበላ ውሻ ኃይለኛ ይሆናል የሚባለውም ጨጓራውን ከማቃጠል ሌላ ጥቅም የለውም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል። የበዓል ቀን ደግሞ ከታረደው በግ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ካያችሁ ለውሻ አትወርውሩ። በውሻው አንጀት ውስጥ ጥቃቅን ኮሶ ሆኖ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከእጅ ወደ አፍ ሲገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። የሆድ ዕቃ ሁሉ ከ40 ደቂቃ ላላነሰ ይቀቀል፤ የተበላሸው ይቀበር ወይም ይቃጠል። ጥሬ ያገኘ ውሻ በየ6 ሳምንቱ ፕራዚኳንቴል የሚባል የኮሶ መድኃኒት ያስፈልገዋል፣ ለ10 ኪሎ 50 ሚሊ ግራም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ይህን ቀድሞ ያላሰበ ሰው ውሻውን 55 ቀን በእንጀራ ፍርፋሪ ያከሳዋል። ሳንባና ጨጓራ ቀቅላችሁ በቀን በቀን ከፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ካለቀ የሙስሊም ሥጋ ቤት ክፍት ነው፤ በቀን ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ከሩዝና ከተቀቀለ ምስር ጋር ያለ ቅመም መስጠትም ይቻላል። ሽሮ አይሆንም፤ ቅመሙ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት አለ።

መልመዱን በተመለከተ "3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር" የሚባል ልክ አለ፦ ውሻው በ3 ቀን ድንጋጤው ይበርዳል፣ በ3 ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ይለምዳል፣ በ3 ወር ቤቴ ይላል። ታስሮ ለኖረ ውሻ አይሠራም፤ በእሱ ለክቼ ተስፋ ልቆርጥ ነበር። ዳማ ሰንሰለቱ ከተፈታ በኋላ ለአራት ወር ያህል ሰፊው ግቢ ውስጥ ሁለት ሜትር በማይሞላ ክብ ይዞር ነበር፤ ክቡ ጫፍ ሲደርስ የሚይዘው ነገር ሳይኖር አንገቱን መልሶ ይታጠፋል። ያስወጣው ምግቡን በየሁለት ቀኑ አንድ ጫማ ያህል ከክቡ ማራቅ ነው። አልጎተትኩትም። አንገቱ ላይም ምንም አላሰርኩም፤ ለመንገድ በደረት የሚታሰረውን ሰፊ ማሰሪያ ገዛሁ፣ መጀመሪያ ለሳምንት ከምግቡ አጠገብ ተኝቶ እንዲያሸተው ተውኩት። የምንወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው፣ ድንጋይ የሚወረውሩ ልጆች ሳይነሡ። መንገድ ላይ የተጣለ ሥጋ አያነሣም፤ መርዝ ሊሆን ስለሚችል "ተው" የሚለውን ቃል ከሁሉ በፊት አስተማርኩት።

አንድ ነገር ግን አልለቀቀውም። ሰው ጎንበስ ሲል፣ የጫማ ክር ለማሰር እንኳ ቢሆን፣ ድንጋይ የሚያነሣ ይመስለዋል፤ ጅራቱን ቆልፎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። እንግዳ ሲመጣ በር ላይ የምናገረው ይህን ብቻ ነው፦ አትጎንበሱበት፣ ዓይኑን አትዩ፣ ጎናችሁን ሰጥታችሁ ቁጭ በሉ፣ እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ አድርጉ። ሲፈልግ ራሱ ይመጣል።