እጅዎ የሚፍታታው በአቦል ነው በበረካ?

ካርዳቸው ወፍራም ነበር። ጤና ጣቢያ ውስጥ የካርድ መወፈር ሁለት ትርጉም አለው። ወይ የቆየ ስኳርና ደም ግፊት ነው፤ ወይ እኛ ያልገባን ነገር ነው። የሳቸው ሁለተኛው ነበር።

ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ እናት ናቸው። ሲቀመጡ የተንሸራተተ ነጠላቸውን በጣታቸው ሳይሆን በክርናቸው ገፋ አድርገው መለሱት። «ዶክተር፣ ያው ሪሄ ነው የተነሳብኝ። መርፌዋን ይውጉኝና ልሂድ» አሉኝ። (ጤና መኮንን ነኝ። እኛ ጋ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ማረሙን ከተውኩት ቆየሁ።)

መርፌዋን ልጽፍ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። የነጠላው ነገር ግን ከነከነኝ። ካርዱን ወደ ኋላ ገለጥኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ አስራ አንድ ጊዜ መጥተዋል። አስራ አንዱም ላይ «የመገጣጠሚያ ሕመም» ተብሎ ተጽፏል። ዲክሎፌናክ፣ ያው ማስታገሻ። የኤኤስኦ የደም ምርመራ። እንደገና ዲክሎፌናክ። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ታይፎይድ። ሦስቱ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው። ጣታቸው አበጠ ወይም አላበጠ የሚል አንድ መስመር ግን የለም። እኔን ጨምሮ ማንም እጃቸውን አልነካም።

«እስቲ እጅዎን ይስጡኝ» አልኳቸው። የሁለቱም እጆች የጣት ሥር አንጓዎች አብጠዋል። ሲጫኑት እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። ጎን ለጎን አንድ ላይ ጨበጥ ሳደርጋቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣቶቹ ወደ ትንሿ ጣት አዘንብለው መጣመም ጀምረዋል።

«ቤት ቡና ማን ነው የሚቀዳው?»

«ልጄ ናት። እኔንማ ጀበናው እምቢ አለኝ፤ ዓመት አለፈው።»

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለ ሩማቶይድ አርትራይተስ ኮሌጅ ተምሬያለሁ፤ ፈተናም ላይ መልሻለሁ። መገጣጠሚያን የሚያጠቃው የሰውነት የገዛ መከላከያ ነው። ሕክምናው ቶሎ ካልተጀመረ አጥንቱ ይበላል፤ የተበላው ደግሞ አይመለስም። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2016 ባሻሻለው ምክር አንድም ቢሆን መገጣጠሚያው ያበጠበትና ሕመም ወይም መተሳሰር ያለው ሰው ሕመሙ በጀመረ በ6 ሳምንት ውስጥ በሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ ሕመም) ሐኪም መታየት አለበት ይላል። የኛዋ እናት ሁለት ዓመት ሙሉ ደጃችን ተመላልሰዋል። ገጠር ነው፣ ሰው ዘግይቶ ነው የሚመጣው እያልን ስንናገር ኖረናል። እሳቸው ግን በጊዜ ነው የመጡት። ዘግይተን የተገኘነው እኛ ነን።

በማግስቱ ሪፈር ጻፍኩላቸው። እዚህ ላይ ሁለተኛውን ጥፋቴን ልናገር። ወረቀቱ ላይ ያሰፈርኩት ይሄን ብቻ ነው፦ «የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለተሻለ ሕክምና።» በቃ። ሆስፒታል ደረሱ። በር ላይ ያለው ባለሙያ ወረቀቱን አይቶ አጥንት ክፍል ላካቸው። አጥንት ክፍል ስብራት የለም ብሎ ማስታገሻ ሰጣቸው። የመኪናውን፣ የአልጋውን፣ የምግቡን ከፍለው በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። በማን ላይ ይፈረዳል? ጥያቄውን ያልጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን የምሬን የያዝኩት።

መጀመሪያ የተጋፈጥኩት ቃሉን ነው። «ሪህ» የሚሉት ቃል ስንት ጉድ ይሸከማል! ጉልበቱ ያረጀበት አዛውንት ሪህ አለበት። የእግሩ አውራ ጣት በሌሊት የተቃጠለበት ሰው ሪህ አለበት። እጇ የሚያብጥ ወጣትም ሪህ አለባት። ባለሙያው ደግሞ ሪህ ሲባል ጋውት (ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲጠራቀም የሚመጣው ሕመም) ብቻ ይመጣበትና የዩሪክ አሲድ ምርመራ ያዛል፤ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ካለ «ሥጋ ይተው» ይላል። ለዓመታት ለፋሲካ እንኳ ሥጋ ያልቀመሱ ሰዎች አግኝቻለሁ፤ ሕመማቸው ከሥጋ ጋር የሚያገናኘው አንዳች ነገር የለም።

ኤኤስኦም የባሰ ነው። ይህ ምርመራ የሚናገረው ጉሮሮን የሚያጠቃው ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በቅርቡ ሰውየውን ጎብኝቶት እንደነበር ነው። አንድ ልጅ ጉሮሮውን ካመመው በኋላ ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሕመም ከያዘው ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ ልቡ ሊጎዳ ይችላልና። የጣቷ አንጓ ለወራት ያበጠባት ጎልማሳ ላይ ግን ፖዘቲቭ መሆኑ ምንም አይነግረንም። እኛ ግን ፖዘቲቭ ባልን ቁጥር ወር በወር ፔኒሲሊን ስንወጋ ከርመናል። ለሩማቶይድ የሚታዘዘው አርኤፍ የሚባለው የደም ምርመራም ቢሆን ብቻውን አይታመንም። ሩማቶይድ እያለባቸው ኔጌቲቭ የሚሆኑ ብዙ ናቸው፤ በቲቢ ወይም በጉበት ቫይረስ የተነሳ ፖዘቲቭ የሚሆንም አለ።

ስለዚህ ከላብራቶሪ በፊት ጥያቄና እጅ ይቅደም አልን። መጽሐፉ «የጠዋት መተሳሰር ከ30 ደቂቃ በላይ ይቆያል ወይ?» ብለህ ጠይቅ ይላል። ጠየቅሁ። «እኔ ምን ሰዓት አለኝ ልጄ?» የሚል መልስ አገኘሁ። ልክ ናቸው። ደቂቃ የሚቆጥር ማን አለ? አንዲት ነርስ ናት መላውን ያመጣችው። «ቡና ላይ ጠይቃቸው» አለችኝ። እውነትም! ጠዋት ቡና የማይፈላበት ቤት እኛ ጋ የለም። እጅዎ የሚፍታታው አቦል ሳይቀዳ ነው? በቶና ነው? ወይስ በረካ ተጠጥቶም ገና ነው? ጉልበቱ በዕድሜ ያረጀበት ሰው ሁለት እርምጃ ሲሄድ ይፍታታል፤ አቦልን አይጠብቅም። «በረካም አልፎ ፀሐይ ሲሞቅ ነው» የምትለኝን ሴት ግን ወንበሬን ስቤ እቀመጥላታለሁ።

ቀጥሎ እጅ መጨበጥ። የጣቶቹን ሥር ከጎንና ከጎን ጨበጥ፤ የእግር ጣቶችንም እንደዚያው። ሳል እንደሚጠየቀው ሁሉ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሁሉ ጫማ አውልቆ ይጨበጣል። ያበጠው እንደ ሊጥ ነው ወይስ እንደ ጠጠር? ጠጠሩ ብዙውን ጊዜ የዕድሜ ነው። ሊጡ ያስፈራኛል። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጠዋት 60 ሰው ተሰልፎ ሁለት ደቂቃ ከየት ይመጣል ያለኝ ባልደረባዬ ነበር። የነጠላዋን እናት ካርድ አውጥቼ አስራ አንዱን ገጽ ቆጠርኩለት።

እንዲህ ስል ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ሆነ እንዳይመስላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀናተኛ ሆንኩና ያመመውን ሁሉ ላክሁ። ጉልበት፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ የቀረ የለም። ሆስፒታሉ ያለ የውስጥ ደዌ ሐኪም ደወለልኝ። አልተቆጣም፤ ግን ድምፁ ደክሟል። «ወንድሜ፣ ሁሉን ከላክህልኝ የትኛዋ እንደምትቸኩል በምን ልወቅ?» አለኝ። የሩማቶሎጂ ስፔሻሊስት በአገራችን በጣት የሚቆጠር ነው። ያሉትም በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው። ስለዚህ የኛ ታካሚ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ እጅ ላይ ነው። መድኃኒቱን የሚጀምረው፣ ከበደው ወደ አዲስ አበባ የሚልከው እሱ ነው። በማይረባ ሪፈር ሳጨናንቀው የማዘገየው የምትቸኩለዋን ሴት ነው።

በዚያው ስልክ ላይ ተስማማን። እሱ የመገጣጠሚያ ታካሚዎችን የሚያየው ሐሙስ ሐሙስ መሆኑን ነገረኝ። እኛ ለካ በማንኛውም ቀን ስንልክ፣ ሰዎቹ «ሐኪሙ ዛሬ የለም» እየተባሉ ይመለሱ ነበር! እንዲህ ያለች ቀላል ነገር ስንት ሰው አንከራትታለች። ሪፈር ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚፈልግም ዘረዘረልኝ። ስንት መገጣጠሚያ አበጠ፣ የትኛው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ጠዋት መተሳሰሩ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ምን መድኃኒት ተሰጠ። በተለይ ደክሳ ወይም ፕሬዲኒሶሎን የሚባሉትን ስቴሮይዶች ወስዳ ከሆነ ይጻፍ። እነዚህ እብጠቱን ስለሚደብቁት እሱ ጋ ስትደርስ ጤነኛ ትመስላለች። መድኃኒት ቤት ሄደው ያለ ትእዛዝ የሚገዙትም ብዙ ናቸው። «ተአምር ነው፣ በአንድ ቀን አስነሳኝ» ይሉሃል። ከዚያ ፊት ያብጣል፣ ስኳር ይነሳል፣ አጥንት ይሳሳል።

ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ኢኤስአር (ሰውነት መቆጣቱን የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ ከሪፈሩ ጋር ቢሄድ አንድ ቀጠሮ ይቆጥባል። ሁሉም እኛ ጋ አይሠራም፤ የሚሠራውን ሠርተን እንልካለን። ሳል ካለ ደግሞ ቲቢ ሳይመረመር አይላክም። መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ሊጀመር ስለሆነ የተኛ ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል። የእጅ ፎቶ በቴሌግራም እልክለታለሁ። ፈቃድ ጠይቄ ነው፤ ፊትም ስምም የለበትም። አንዳንዴ በአሥር ደቂቃ ይመልሳል፦ «ይቺን ለሐሙስ።» አንዳንዴም፦ «ይሄ የዕድሜ ነው፣ እዚያው ያዙት።»

ለሐሙስ የማይጠበቅም አለ። አንድ ጉልበት ብቻ በድንገት አብጦ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ካለ መገጣጠሚያው መግል ይዞ ሊሆን ይችላል። ያ በዚያው ቀን በአምቡላንስ ይሄዳል። ይህን የተማርኩት አንድ ጎረምሳን ከሌሎቹ ጋር ቀጠሮ ልሰጠው ስል ሐኪሙ በስልክ ጮሆብኝ ነው። ደግ አደረገ።

ሌላዋ ትዝ የምትለኝ የ22 ዓመት ልጅ ናት። ዊዳል በሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ተብላ የታይፎይድ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ጨርሳለች። ትኩሳቱ ይመለሳል፣ መገጣጠሚያዋን ያማታል፣ ፀጉሯ ይረግፋል። እናቷ «ፀሐይ ላይ ስትወጣ ፊቷ ይቀላል፤ ምች ነው ብለን ዳማከሴ አሽተናታል» አሉኝ። አፏን አየሁ፤ ላንቃዋ ቆስሏል። እግሯን ተጫንኩት፤ ጎደጎደ። ሽንቷን በዲፕስቲክ ሞከርነው፤ ፕሮቲኑ ቀለሙን እስከ ጥግ ቀየረው። ያቺ ቁራጭ ወረቀት ከስንት ዊዳል በላይ ተናገረች። ሉፐስ፣ የሰውነት የገዛ መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት ሌላው ሕመም፣ ኩላሊቷ ድረስ ገብቶ ነበር። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ገባች። አሁን ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያላት ወጣት ሴት ሁሉ ሽንቷ ሳይታይ ከክፍሌ አትወጣም።

ሪፈር ጽፎ መስጠት ብቻውን ሰው ሆስፒታል አያደርስም። ግማሹ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ቤቱ ይገባል። ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቼ ነው። የመድኃኒቱ ብር አይደለም መጀመሪያ የሚያስጨንቃቸው፤ አዝመራው ነው፣ ላሟን የሚያልበው ነው፣ ከተማ ማን ቤት ይታደራል ነው። አሁን ቀኑን የምንቆርጠው አብረን ነው። የጤና መድን ደብተሩ መታደሱን ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ቀድማ ታያለች። በቀጠሮው ማግስት ለቤተሰቡ እደውላለሁ። «ጸበል ልግባ መጀመሪያ» የሚሉኝንም አልከራከርም። «ይግቡ፤ ግን ሐሙስ አይለፍዎት፣ ሁለቱ አይጣሉም» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ይሰሙኛል።

የሩማቶይድ መድኃኒት የሆነውን ሜቶትሬክሴት ይዘው ሲመለሱ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጀመራል። መድኃኒቱ ለዚህ ሕመም የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ ከተዋጠ መቅኔን ያደርቃል፤ ይገድላል። አንድ ሰውዬ ሦስት ቀን በተከታታይ ውጠው ደረስንባቸው፤ እግዚአብሔር አተረፋቸው። የመድኃኒቱ ፓኮ ላይ የተጻፈውን ማንም አላነበበላቸውም ነበር። ከዚያ ወዲህ «በገበያ ቀን፣ ከገበያ መልስ» እያልን ነው የምንነግረው። የገበያን ቀን የሚረሳ ገበሬ አላየሁም። የጎንዮሽ ጉዳቱን ለመቀነስ አብሮ የሚሰጠውን ፎሊክ አሲድ በሌላ ቀን። ለመውለድ የምታስብ ሴት ካለች ደግሞ ገና ከመነሻው ለሐኪሙ ትናገር፤ ፅንስ ይጎዳል።

አሁንም የሚያናድደኝ የሪፈር ወረቀቱ የታችኛው ግማሽ ነው። ሆስፒታሉ ምን እንዳገኘ ጽፎ የሚመልስበት ቦታ ነው። በብዛት ባዶውን ይቀራል። ሐኪሙ በቴሌግራም ባይነግረኝ ኖሮ ማን ምን እንደነበረው አላውቅም፤ ካላወቅሁ ደግሞ ስህተቴን በምን አርማለሁ? መድኃኒቱም የሚጠፋበት ወር አለ። ያን ጊዜ ከተማ ላለ ዘመድ ሁሉ እንደውላለን።

የነጠላዋ እናት ለሁለተኛ ጊዜ ሲላኩ በትክክለኛው ቀን፣ በትክክለኛው ወረቀት ሄዱ። እብጠቱ ጎደለ። የተጣመመው ጣት ግን እንደተጣመመ ቀረ። ባለፈው የደም ምርመራ ሊሰጡ መጥተው ነበር።

«ጀበናውስ?» አልኳቸው።

«እሱማ እንዳኮረፈኝ ነው። ሲኒውን ግን ራሴ እይዛለሁ» አሉና ወደ በሩ ዞሩ። አንዲት ወጣት ሴት ጨቅላ አዝላ ቆማለች። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች።

«ጎረቤቴ ናት፤ ከጀመራት ወር አልሞላትም። እሷም እስከ በረካ ነው፤ ጠይቄያታለሁ።»